ስለ ትምህርት ቤታችን «ቤቶች» እና ስለ ውድድራቸው

(ለደጋፊ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ተማሪዎችን በ«ቤት» ከፍሎ ስለ ማወዳደር ነው። ይህማ ጨዋታ እንጂ ምን ቁም ነገር አለው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር።

ሥርዓቱ የመጣው ከእንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያ «ቤት» ማለት በእርግጥም ቤት ነበር፤ ልጆቹ ያድሩበታል፣ አንድ መምህርም አብሯቸው እየኖረ እንደ አባት ይቆጣጠራቸዋል። ኋላ ግን አዳሪ የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም ወሰዱት፤ ወደ ኬንያ፣ ወደ ዩጋንዳና ወደ ሕንድም ተሻገረ። ብዙውን ጊዜ መኖሪያው ቀርቶ ስሙ፣ ቀለሙና ዋንጫው ብቻ ተከተለ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ይመስለናል፤ አባት የሌለው ቤት ቡድን ብቻ ነውና።

እኛ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ብለን አራት ቤት አቋቋምን። ልጆቹን ስንደለድል ግን ለአሠራር ይቀለናል በማለት ከባድ ስህተት ሠራን። በእናንተ እርዳታ በአዳሪነት የሚማሩትን፣ አብረው ስለሚያድሩ፣ ሁሉንም ቢጫ ቤት አስገባናቸው። ከወላጆቻቸው ዘንድ የሚመላለሱት የከተማው ልጆች ሦስቱን ቤቶች ሞሉ። በመጀመሪያው የስፖርት ቀን ቢጫ ቤት በዱላ ቅብብል ሲመራ ከመስመሩ ዳር «የእርዳታ ስንዴ ነው የሚያስሮጣቸው!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሌሎቹም ተቀብለው አዜሙት። የመጨረሻውን ዙር ትሮጥ የነበረችው ልጅ ዱላውን ሜዳው ላይ ጥላ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፤ ብንጠራትም አልተመለሰችም። በዚያ ቀን ዋንጫ አልሰጠንም። ልጆቹን የለየናቸው እኛው ነን፤ እነርሱ ያሰመርንላቸውን መስመር ነው የተከተሉት።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆኑ 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ለይቶ በአንድ ካምፕ አሰፈራቸው። በኑሮ የሚመሳሰሉ ልጆች ነበሩ። በቤዝቦልና በገመድ ጉተታ ለሽልማት መወዳደር ሲጀምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሰዳደብ፣ የባላጋራን ባንዲራ ማቃጠል፣ ማደሪያ መውረር መጣ። አብረው እንዲበሉ ቢደረግም ምግብ ተወራወሩ እንጂ አልታረቁም። ቀስ በቀስ የተቀራረቡት የካምፑ ውሃ ተቋርጦ ብልሽቱን በጋራ ሲፈልጉ፣ አልነሣ ያለውንም የጭነት መኪና በተጓተቱበት በዚያው ገመድ አብረው ሲጎትቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እሳቱን ያራግቡ ነበር የሚል ትችት ኋላ ቀርቧል። ይሁንና እኛ መምህራንስ በስፖርት ቀን እሳት አናራግብምን?

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ደለደልን። ከየክፍሉ የስም መዝገብ ወንዱን ለብቻ፣ ሴቷን ለብቻ፣ አዳሪውን ለብቻ፣ ተመላላሹን ለብቻ ጽፈን በየተራ ለአራቱ ቤቶች ዕጣ አወጣን። ወንድምና እህትን ግን አልለያየንም፤ እናት በስፖርት ቀን ለየትኛው ልጇ ታጨብጭብ? ለየቤቱም ሁለት መምህራን ተመደቡ። ሥራቸው ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን የልጆቹን ስም ማወቅ፣ የቀረውን መጠየቅ፣ የታመመውን ሄዶ ማየት ነው።

ስለ ነጥብ ብዙ ተከራክረናል። በሩጫ ለአንደኛ 5፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 2 እንሰጣለን፤ ከዚያ በታች ሆኖ ሩጫውን ለጨረሰ ሁሉ ደግሞ 1 ነጥብ አለው። ከዚህ የተነሣ አምበሎቹ ፈጣኖቹን ብቻ መምረጥ ትተው ደካማውንም እየለመኑ ማስመዝገብ ጀመሩ። ስለ መረብ ኳሱና ስለ ጥያቄና መልሱ የምንለው ብዙ የለም፤ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ነው።

ላረፈደ ተማሪ ከቤቱ ነጥብ መቀነስ የሚለውን ግን ሞክረን ትተነዋል። አንድ ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አገኘነው። ያረፈደው ለእናቱ ውሃ ሲቀዳ ነው። እኛን አልፈራም፤ የፈራው የቤቱን ልጆች ነበር። ባለፈው ሳምንት ነጥብ አስቀነስክብን ብለው በጡጫ ተቀብለውት ኖሯል። ለካ የእኛን ቅጣት ልጆቹ በእጃቸው ይፈጽሙት ነበር። አሁን የሚያረፍድ ልጅ የሚጠየቀው ብቻውን ነው፤ አስቀድሞም ለምን እንዳረፈደ ይጠየቃል።

በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራቱም ቤቶች ነጥብ የማይሰጥበት ሥራ አብረው ይሠራሉ፤ ቦይ ይጠርጋሉ፣ አጥር ይጠግናሉ። አምና ጎርፍ የወሰደውን የመግቢያ መንገድ ድንጋይ እየተቀባበሉ ሲያበጁ ሰልፋቸው በቁመት እንጂ በቤት አልነበረም።

ስድቡ ፈጽሞ ጠፋ አንልም። በዚህ ዓመት እንኳ ሁለት አምበሎች በዳኛ ውሳኔ ተጣልተው ወላጆቻቸውን እስከ መጥራት ደርሰናል። ያቺ ዱላውን የጣለችው ልጅም እስከ ዛሬ መሮጥ አልፈለገችም። አረንጓዴ ቤት ናት፤ በስፖርት ቀን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ነጥብ ትመዘግባለች፤ ከእኛ ይልቅ እርሷ አትሳሳትም።

ከእናንተ መካከል አንድ ጉባኤ ትልቅ ዋንጫ ሊልክልን እንደሚፈልግ ጽፎልናል። እናመሰግናለን፤ ዋንጫስ አለን። የቸገረን ገመድ ነው፤ ያለን አጭር ሆኖ በየወገኑ ከስድስት ልጅ በላይ አይዝም። ለሩጫው ሰዓት መያዣም አንድ ቢጨመርልን የመምህሩን የእጅ ሰዓት መዋስ እናቆማለን።