ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧና ስለ ማጣሪያው
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ አሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም የተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ አለመሆኑንና በየጊዜው ካልታየና ካልተጠረገ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ብዙዎቻችን ጋዝ ሲባል እንደ አየር ንጹሕ የሆነ ነገር ይመስለናል። ከጕድጓድ የሚወጣው ጋዝ ግን ብቻውን አይመጣም። ውሃ፥ ቀላል ዘይት፥ አሸዋ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ አንዳንድ ጊዜም መርዛሙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አብረውት ይወጣሉ። ቧንቧው ደረቅ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ውሃ ሲኖር ግን ሁለቱ ጋዞች በውሃው ሟሙተው አሲድ ይሆናሉ፤ አሲዱም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚህ የሚፈጠረው ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ደግሞ ከጋዙ ጋር እየተጓዘ ቫልቩን ይፍቃል፥ መለኪያውን ያሳስታል።

ስለዚህ የማጥራቱ ሥራ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ጋዙ ወደ ሰፊ ጋን ገብቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ፥ ፈሳሹና አሸዋው በክብደታቸው ይዘቅጣሉ። ቀጥሎ አሚን በተባለ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወገዳሉ፤ በግላይኮልም እንፋሎት የሆነው ውሃ ይመጠጣል። በአሜሪካ በተለመደው ውል በአንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ውስጥ ከ7 ፓውንድ የበለጠ ውሃ እንዲኖር አይፈቀድም። በመጨረሻም በመስመሩ ላይ ባሉት ጣቢያዎች ጋዙ ከፋይበር ግላስ በተሠራ ማጣሪያ ያልፋል። አቧራው በጭረቶቹ ይያዛል፤ እንደ ጉም የረቀቁት ጠብታዎችም እርስ በርሳቸው ተጋጥመው፥ ትልልቅ ሆነው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ጠላ ያጠለለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ማጥለያ አተላው ካልተራገፈለት ይደፈናል። የጋዙም ማጣሪያ እንዲሁ ነው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት እያደገ ከሄደ፥ ማጣሪያው ቆሽሿልና መለወጥ አለበት። ቸል ቢባል ሊቀደድና ያጠራቀመውን ሁሉ ወደ ቧንቧው መልሶ ሊለቅ ይችላል።

የቸልታው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ፥ በካርልስባድ ከተማ አጠገብ፥ እ.ኤ.አ. በ1950 የተዘረጋ ስፋቱ 30 ኢንች የሆነ የጋዝ ቧንቧ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2000 ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቧንቧው ፈነዳ፤ ጋዙም ለ55 ደቂቃ ያህል ነደደ። በፔኮስ ወንዝ ዳር፥ በድልድይ ሥር ድንኳን ተክለው ያደሩ 12 ዘመዳሞች አለቁ። የአገሩ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ምክንያቱን አገኘ። ከፈነዳው ቦታ አስቀድሞ ፈሳሽ ለመያዝ የተሠራው ማጠራቀሚያ በከፊል ተደፍኖ ነበር። ስለዚህ ፈሳሹ አልፎት ሄዶ፥ ቧንቧው ዝቅ ባለበት ቦታ ተኛ። ያ ክፍል የቧንቧ መጥረጊያ መሣሪያ እንዲያልፍበት ሆኖ አልተሠራም ነበር። ዝገቱ በአንድ ቦታ የብረቱን ውፍረት 72 በመቶ በልቶት ተገኘ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት በዚህ ስፍራ እውነት ሆነ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኦጋዴን በካሉብ ጋዝ ከተገኘ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ጋዙን በቧንቧ ለማሻገር ተስማምተዋል። እንዲህ ያለ መስመር በተዘረጋ ጊዜ ንድፉን የምንፈትሸው፥ መለኪያውንም የምናነበው በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ልንሆን እንችላለን። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለብን ማጣሪያ ተገዝቷል ወይ ብለን ብቻ አይደለም፤ ማን ይከፍተዋል? በስንት ቀን ይታያል? የተገኘውስ የት ይመዘገባል? ብለንም ነው። ማሽኑን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ የሚጠብቀውን ሰው ግን ማሠልጠን ያስፈልጋል።