ስለ አንዲት ካቻቪቴ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሥራሽ አሥር ደቂቃ ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትርፍና ስለ ቁጠባ ላወራ ነበር። እሱን ግን ሒሳብ ያዣችን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ በቦርሳዬ ይዤያት ስለምዞረው ስለዚህች ካቻቪቴ ነው።

ከማኅበራችን በተበደርኩት ገንዘብ የእግር ስፌት መኪና የገዛሁ ጊዜ ደስታዬን ታስታውሳላችሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ የ32 ልጆች ዩኒፎርም ለመስፋት ቀብድ ተቀበልኩ። ሥራው ሞቅ ሲል መኪናዋ ታመመች። ስፌቱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጨርቁን ስገለብጠው ግን ክሩ ከታች እንደ ወፍ ጎጆ ተተብትቧል። እፈታለሁ፣ እሰፋለሁ፣ መልሶ ያው ነው።

ጥገና ቤት ወሰድኳት። «የውስጥ ዕቃዋ አልቋል» ተባልኩ። ከፈልኩ። ስምንት ቀን ቆይታ መጣች፤ አራት ቀን ሰፋችና እንደገና ተበላሸች። ሁለተኛ ስወስዳት ሌላ ዕቃ አለቀ ተባልኩ፤ አሁንም ከፈልኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ያደረስኩት የ19 ልጆችን ብቻ ነው። የ13ቱን ቀብድ መለስኩ። አንዷ እናት «ልጄን በአሮጌ ልብስ ላክሁት» ብላኝ ሄደች። በወሩ መጨረሻ እዚሁ ቤት፣ እናንተ ፊት ቆሜ «የዚህ ወር ብድር አልሞላልኝም» ስል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ አባት አሉ። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። መኪናዋ ተሸፍና ሲያዩ «ምን ሆነች?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«የላይኛውን ክር አውጪና አጠገቤ ሆነሽ እንደገና አስገቢው» አሉኝ። ማስገባት ስጀምር አስቆሙኝ። «እነዚህን ሁለት ክብ ብረቶች ታያቸዋለሽ? ክሩን ጨብጠው የሚያጠብቁት እነሱ ናቸው። እግሩን ስታነሺው ይለቁታል፣ ስታወርጂው ይጨብጡታል። መሃላቸው ቆሻሻ ካለ አይገጥሙም። ካልገጠሙ ክሩ ይላላል፣ የላላው ክር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ጋሼ፣ የተተበተበው እኮ ከታች ነው» አልኳቸው።

«ከታች ሲተበተብ የላይኛውን ክር መርምሪ። ይህን ብቻ ብታውቂ ገንዘብሽ አይባክንም ነበር» አሉኝ።

እግሩን አንስቼ ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ አጥፌ በብረቶቹ መሃል ሳብኩ። ከጥፍሬ የማትበልጥ ብናኝና የክር ቁራጭ ወጣች። ለዩኒፎርሙ የገዛሁት ርካሽ ክር ፀጉራም ስለነበር ብናኙን እያራገፈ እዚያ ይከትት ነበር። ለዚህ ነው ከጥገና በመጣች በአራት ቀኗ መልሳ የተበላሸችው። ሰፋሁ፤ ጨርቁን ገለበጥኩ፤ ልክ ሆኗል። እህቶቼ፣ እኔ ያን ቀን የሳቅሁ መስሏችሁ ይሆናል። ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ጥገና ሠራተኞችን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም። ታማኝ ባለሙያ አለ፤ ዛሬም የምሄድበት አለኝ። የከሰርኩት መኪናዬን ሳላውቃት ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባልን ያደግን ስለሆንን፣ በእጃችን እንጀራ የምንበላበትን ብረት ለመክፈት እንኳ እንፈራለን።

መኪናዋ ግን ያን ያህል የምታስፈራ አይደለችም። በሁለት ክር የሚቆልፈውን ስፌት ኤልያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ በ1846 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የራሱን መኪና አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ከ170 ዓመት በላይ አልፏል፤ የቤታችን መኪና ግን ዋናው አሠራሯ ያው ነው። መርፌዋ የላይኛውን ክር ይዛ ትወርዳለች፤ ከታች መንጠቆው ክሩን ይዞ በቦቢኑ ክር ዙሪያ ያዞረዋል፤ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መሃል ይተቃቀፋሉ። ስፌት ሲበላሽ ከሁለቱ አንዱ ላልቷል ወይም ጠብቋል፤ ካልሆነም መርፌዋና መንጠቆው አልተገናኙም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መርፌዋን ለውጡ። ስፌት ከዘለለ፣ ክር ከተበጠሰ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት አዲስ መርፌ ግጠሙ። የጎበጠች መርፌ በዓይን አትለይም። ስትገጥሟት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፏት። አንዱ ጎኗ ረጅም ቦይ አለው፤ ክር የሚገባው ከዚያ ወገን ነው። ቁጥሯንም እዩ። 90 የሚለው ውፍረቷ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ በአሮጌው ቁጥር 14 የሚባለው እሱ ነው። ለስስ ጨርቅ 75 ወይም 11፣ ለጂንስ 100 ወይም 16 ይሆናል።

ሁለተኛ አጽዱ። ከመርፌዋ ሥር ያለውን ሳህን በካቻቪቴ ፍቱና ጨርቁን በሚገፉት ጥርሶች መሃል ያለውን ብናኝ በብሩሽ ጥረጉ። እኔ መጀመሪያ ስከፍተው እንደ ብርድ ልብስ የተደረበ ብናኝ ነው ያወጣሁት። በአፋችሁ አትንፉት፤ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበትም ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩበት ነው። አንድ ጊዜ ዘይት አልቆብኝ የምግብ ዘይት አደረግሁባት። በሁለት ወር ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቆ መዘውሯ በእጅ አልዞር አለ። ያን ለማስለቀቅ ደጅ አውጥቼ፣ ከእሳት አርቄ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ እያንጠባጠብኩ ስጠርግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ያለ ክር አሽከርክሯትና በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ አለዚያ ዘይቱ የደንበኛችሁን ነጭ ቀሚስ ያበላሸዋል።

አራተኛ፣ ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ብሎኖቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በፈታችሁበት ተራ ደርድሯቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዲት ትንሽ ሞላ ተወንጭፋ ጠፍታብኝ ሦስት ቀን በመጥረጊያ ፈልጌያታለሁ።

ድንበርም አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ሶኬቱን ሳትነቅሉ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሞተሯን ለባለሙያ ተዉለት። መርፌዋና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ከተዛባም እንደዚያው። ግን ጥገና ቤት ስትሄዱ «ተበላሸች» ብላችሁ አትሂዱ። «መርፌ ለውጫለሁ፣ አጽድቻለሁ፣ ክሩን አይቻለሁ፣ አሁንም ትዘላለች» በሉ። እንዲህ የምትል ሴት በቀላሉ አትታለልም።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሰው የቆሙ ሦስት መኪናዎች ነበሩ። ባለፈው ወር ከሁለት እህቶቼ ጋር ከፈትናቸው። አንደኛዋ የታሰረችው በደረቀ ዘይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ እየሰፋች ነው። ሁለተኛዋ የቦቢን ቤት ጎድሏታል፤ ከተገዛላት ትሠራለች። ሦስተኛዋ የኤሌክትሪክ ስለሆነች አልነካናትም። ከመካከላችን አንዷ በስድሳ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቻቪቴ መያዟ ነው። መዘውሩ ሲላቀቅ እልል አለች።

ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምለው አለኝ። መኪና ስትሰጡን እንጀራ ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእያንዳንዷ መኪና ጋር ግን ካቻቪቴ፣ ብሩሽ፣ ዘይት፣ መርፌና ትርፍ የቦቢን ቤት ቢኖር፣ የጥቂት ቀን የጥገና ሥልጠናም ቢጨመር፣ መኪናዋ በሁለተኛው ዓመት ጥግ ላይ አትቆምም። ብድሩም አይሰናከልም።

ለእናንተ ለእህቶቼ ደግሞ፣ የጋራ የመሣሪያ ሣጥን ይኑረን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ከወር ቁጠባችን ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ ይበቃናል። በየወሩ ከስብሰባው በኋላ እኔ እዚህ እቆያለሁ። መኪና መሸከም ከከበዳችሁ የተተበተበውን ጨርቅ ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ከእሱ ብዙ ይነበባል።

የ13ቱን ልጆች ነገር ዛሬም አልረሳሁም። በሚቀጥለው ነሐሴ ከእናንተ አንዷ እንኳ ቀብድ እንዳትመልስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት።