የድርሰት ባለቤትነት በትምህርት ቤታችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቤተ መጻሕፍት ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሕግ ለመናገር መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ የመጣው ግን ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋታችን ስለ ሆነ፣ ጥፋታችንን አስቀድመን እንናገራለን።

ባለፈው ባዘጋጀነው መጽሔት ላይ አንድ የጅብና የቀበሮ ተረት አውጥተን ነበር። ተረቱን የነገሩን እዚሁ ዲጋ፣ ከግቢያችን ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው። እሳቸው በኦሮምኛ ሲያወጉ ከመካከላችን አንዱ በአማርኛ ጻፈው። መጽሔቱ ሲወጣ ከተረቱ በታች የሚታየው የጸሐፊው ስም ብቻ ነበር። የልጅ ልጃቸው አንብቦ ሲጨርስላቸው «እኔስ የት አለሁ?» ብለው ጠየቁት። ይህን ከሰማን በኋላ ዝም ብለን መቀመጥ አልቻልንም።

እንዲህ ያለው ነገር በወለጋ አዲስ አይደለም። የአገራችን ትምህርት ታሪክ ሲነሣ ኦኔሲሞስ ነሲብን የማያስታውስ የለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር አሳተሙ፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምት ገብተውም ማስተማር ጀመሩ። አብረዋቸው የደከሙት ግን እመት አስቴር ጋኖ ናቸው። እመት አስቴር ለባርነት በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ በ1886 እ.ኤ.አ. ኢጣልያኖች አስለቀቋቸውና፣ በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ለትርጕሙ ሥራ የረዳውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ ከጓደኛቸው ጋርም 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ መለሱ። ከዚህም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በፊደላችን በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መጽሐፍ ገባ። መጽሐፉ ሲጠራ የኖረው ግን በኦኔሲሞስ ስም ነው። ይህን የምንለው ያንን ታላቅ ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እመት አስቴር በ1964 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ እንኳ ድርሻቸው በሰፊው እስኪነገር ድረስ ብዙ ዓመት ማለፉ ስለሚያሳዝነን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበረ። ከዚያ በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ ያገኛል፤ ማኅተም ማስመታትና ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ የጻፈው ግጥም እንኳ ባለቤት አለው ማለት ነው።

የመምህራን ነገር ትንሽ ይለያል። ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ያዘጋጀው ጽሑፍ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለመብቱ አሠሪው ነው። ይሁን እንጂ የገንዘቡ ጥቅም የሌላ ሰው ቢሆንም፣ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት መብት ከደራሲው አይወሰድም። ተማሪ ደግሞ የማንም ተቀጣሪ ስላልሆነ ድርሰቱ የራሱ ነው፤ እኛም በመጽሔት ስናወጣው ልናስፈቅደው ይገባን ነበር። አላስፈቀድንም።

ስለ ፎቶ ኮፒስ ምን እንበል? መጽሐፍ እንደሚያንሰን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ተካፍለን የምናነብበት ጊዜ አለ። ሕጉም ይህን ችግር የረሳ አይመስልም። ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ በአግባቡና ለዓላማው በሚበቃ መጠን ቢባዛ ባለመብቱ መከልከል አይችልም፤ ነገር ግን በተቻለ መጠን የደራሲው ስምና ምንጩ ይጠቀሳል። አንድ ሰውም ለግሉ አንድ ቅጂ ማባዛት ይችላል፤ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል ማባዛት ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ይህን ስናነብ እውነቱን ለመናገር ደንግጠናል።

ይሁን እንጂ የበለጠ ያሳፈረን ሌላ ነገር ነው። ለፈተና ዝግጅት ስንል ነቀምት ሄደን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የፊዚክስ ማስታወሻ ገዛን። ገልጠን ስናየው የራሳችን መምህር ሌሊት ተቀምጠው ያዘጋጁት ነው፤ ስማቸው ያለበት የፊተኛው ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። ማን እንደ ቀደደው አናውቅም። ከመካከላችን ለሱቁ አውሶ የሰጠ ሊኖር እንደሚችል ግን እናውቃለን። መምህራችን ስንነግራቸው ሣቅ ብለው «ቁጥር 14 ላይ ስሕተት ነበረ፤ እሱንም አብረው አባዝተውት ይሆን?» አሉን። አብረው አባዝተውታል።

ስለዚህ ክበባችን ለዘንድሮው መጽሔት የሚከተለውን ወስኗል። ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ተማሪውን፣ ዕድሜው ላልደረሰም ወላጁን እናስፈቅዳለን። ተረት የነገረን ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካልተቃወመ በስተቀር፣ ስሙ ከጸሐፊው ስም በላይ ይጻፋል። ሥዕልና ፎቶግራፍም እንዲሁ። ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ቡና አፍልተው ሌላ ተረት ነገሩን።

በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ተዘርግቷል። ባለፉት መጽሔቶች ሥራው ያለ ስሙ የወጣበት፣ ወይም የእናቱን የአባቱን ተረት እዚያ ያገኘ ሁሉ የመጽሔቱን ዓመትና ገጹን ይጻፍልን። የመጀመሪያውን መስመር እኛ ሞልተነዋል።