ሕያዋንን የሚያድን ተዝካር

ዛሬ የሕሙማንን አደራ የምትቀበሉ ወጣት የጤና ባለሙያዎች፤

በልጅነቴ እዚሁ ይፋግ የእናቴ ጓሮ በአጣጥ ቁጥቋጦ የታጠረ ነበረ፤ እሾሁ ጥጃውን ከጎመኑ ይከለክላል፣ ጥላው ደግሞ እናቴን በጥቅምት ፀሐይ ኑግ ስታበጥር ያሳርፋታል። አንድ ቀን ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ የሚያያት ሰው የሌለ መስሏት፣ እጇን ከነጠላዋ ሥር አግብታ ጡቷን ስትዳብስ አየኋት፤ ነገር ግን ምን እንደ ሆነች ለመጠየቅ ዕድሜውም ድፍረቱም አልነበረኝም። በጡቷ የወጣውን እብጠት ሁለት ክረምት ደበቀችው፤ ባሳየችውም ጊዜ አንድ የሕክምና ቤት «የደረቀ ወተት ነው» ብሎ፣ ቅባት ሰጥቶ መለሳት። አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉት የነበረው፣ እኛ ዛሬ ካንሰር የምንለው ደዌ በሚከተለው ዓመት ወሰዳት።

በአርባዋ ቀን በሬ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ድኻውም በልቶና ጠጥቶ እየመረቀ ተመለሰ። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ሙታንን በሕያዋን አፍ ምርቃት ማሰብ ለዚህ ሕዝብ ከአበው የወረደ ትሩፋት ነውና ማንም እንዲያቃልለው አልሻም። ዳሩ ግን በዚያ ዳስ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል «ምን ገደላት?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ለእኔም ለልጇ የተሰጠኝ መልስ «ቀኗ ደርሶ ነው» የሚል ብቻ ነበረ። ያን መልስ ይዤ አደግሁ፣ ይዤውም ባሕር ተሻገርሁ።

በምኖርበት በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቢሊ ስታር የሚባል ሰው እናቱ በቆዳ ካንሰር ስለ ሞተችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. 36 ብስክሌተኞችን አስከትሎ ግዛቲቱን በማቋረጥ ለምርምር የሚውል ከ10,000 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ሰበሰበ። ያ ጉዞ በየዓመቱ በነሐሴ መባቻ አካባቢ እየተደገመ፣ ጋላቢው በሺሕ የሚቆጠር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ዓ.ም. ድረስ ለዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ያስገኘው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፤ ጋላቢው ወዳጅ ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ጎረቤቱን እየዞረ ይለምናል፣ እነርሱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ እርሱ ደግሞ ጉልበቱን ያዋጣል። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም፤ የፎገራ ገበሬ ልጅ ነኝና ወንፈል መሆኑን አወቅሁ። የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወንፈል የነገው ተረኛ ማሳ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል፣ በዚህ ደዌ ግን ተራው የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

እኔም በሃምሳ ዓመቴ፣ በጀርባዬ ላይ በገዛ ፊደላችን «እናቴ» የሚል ጨርቅ ሰፍቼ፣ ከስተርብሪጅ እስከ ፕሮቪንስታውን ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሁለት ቀን ጋለብሁ። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበው ነበረው፤ አንዱ የሚስቱን፣ ሌላው የልጁን ሥዕል ለጥፏል፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ውኃና ብርቱካን ይዞ የሚጠብቀው ሕዝብም የቃና ሠርግ የታደመ ይመስል ነበረ። በአንድ ዳገት ራስ ላይ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ ከኮርቻዬ በወረድሁ ጊዜ፣ አንዲት ባልቴት ቀርበው ያን ጨርቅ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ፊደሉን ማንበብ ባይችሉም ነገሩ ገብቷቸው ነበረ። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ በዚያ ዳገት ላይ እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ እያዘከርኋት እንደ ነበረ ተረዳሁ፤ ይህኛው ተዝካር ግን «ምን ገደላት?» ብሎ የሚጠይቅ ነበረ።

እንግዲህ ያ ላብና ያ ገንዘብ ምን እንደሚወልድ ከዚሁ ከአገራችን እሾህ ላስረዳችሁ። ከኢትዮጵያ ምድር የተሰበሰበ፣ ከአጣጥ ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ወደ አሜሪካ ተልኮ ሲመረመር፣ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ከእርሱ ውስጥ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ፤ ይህም የሕዋሳትን መከፋፈል የሚያስቆም ብርቱ መርዝ ነበረ። ለሕሙማን በተሰጠ ጊዜ ግን ዕጢውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውንም አካል ስለ ጎዳ፣ ተስፋው ሁሉ ተከድኖ ቀረ። ኋላም ሌሎች ተመራማሪዎች ተነሥተው፣ ከዚያ መርዝ የተገኘውን ዘር በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ከሚበዛ ምልክት ጋር ከሚጣበቅ ጸረ አካል ጋር አስተሳሰሩት፤ መርዙም እንደ ታተመ ደብዳቤ ይበልጡን ወደ ተላከበት ደጅ የሚደርስ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ከቁጥቋጦው እስከ መድኃኒቱ 41 ዓመት አለ። ስለዚህ ማንም አጣጥ ቀቅሎ ይጠጣ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ መርዝን ከፈውስ የሚለየው ያ የ41 ዓመት ድካም ነውና።

እናቴ ፈውሷን ሊወልድ ይችል ከነበረ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሞተች። ዕጢዋ ያ መድኃኒት የሚሠራለት ዓይነት ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም፤ ማንም አልመረመረውም፣ ማንም በመዝገብ አልጻፈውም።

ይህ ነገር የባዕድ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአገራችንም ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ያረፈባቸው አቶ ወንዱ በቀለ ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው ከመቀመጥ ይልቅ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በ1996 ዓ.ም. አቁመዋል። የብስክሌትም ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞቿን አሰልፋ ነበረ፤ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከጎንደር ባሕር ዳር የሚወስደው ይህ በደጃችን ያለው ጎዳና አንድ ቀን እናቶቻቸውን በጀርባቸው የጻፉ ጋላቢዎች እንዲያልፉበት እመኛለሁ፤ ያን ዕለት በሕይወት ካለሁ ከኋላም ቢሆን እከተላለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ውድ ልጆቼ፣ የእናንተ ጉዞ ነገ ይጀምራል፤ ብስክሌትም አያሻውም። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና የሚመጡት ደዌው ከሠለጠነ በኋላ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል፤ የማኅፀን በር ቁስልንም ገና ሳይከፋ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለት በኮምጣጤው ፍሬ ነገር፣ ቀብቶ መለየት ይቻላል። ስለዚህ አንዲት እናት በሌላ ሕመም አሳብባ ብትመጣና ነጠላዋን አጥብቃ ብትይዝ፣ በአክብሮት «እማማ፣ የሚያስጨንቅዎ ሌላ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያላወቃችሁትን «የደረቀ ወተት ነው» ብላችሁ አትሸኙ፣ ወደሚያውቀው ላኩ፤ ያያችሁትንም ሁሉ በመዝገብ ጻፉ። ያልተጻፈ ሞት አይጠየቅም፣ ያልተጠየቀም ደዌ መድኃኒት የለውም፤ ምርምር የሚባለው ታላቅ ሕንፃ መሠረቱ እንደ እናንተ ያለ አንድ ሰው በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ የጻፈው መስመር ነው።

የእናቴ አጥር ዛሬም ቆሟል፤ ትናንት ማታ ሄጄ አየሁት። ከጎረቤት የመጣች አንዲት ወጣት እናት ከጥላው ሥር ተቀምጣ ልጇን ታጠባ ነበረ። እርሷን ለእናንተ አደራ ሰጥቻለሁ።

እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ፤ አሜን።