ወረቀት ሞተር አያስነሳም!

(ይህ ጽሑፍ በወላይታ ሶዶ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች በቃል ከቀረበ ንግግር የተወሰደ ነው።)



ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስጨብጥ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ከዲፕሎማ ያለፈ ወረቀት የሌለኝ፣ በብዕሩ የሚያድር ጋዜጠኛ ነኝ። «ታዲያ ስለ ኢንጂነሪንግ ትምህርት ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል እንጂ! ድልድዩ ላይ የምሄደው እኔ ነኝ። ላቦራቶሪው የሚገዛው በእኔና በእናንተ ግብር ነው። ፎቁ ሲሰነጠቅ ከሥሩ የምንገኘውም እኛው ነን። አምስት ዓመት ልጁን አስተምሮ፣ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ እንደገና ማብላት የሚጀምረው ወላጅም ያገባዋል።

ስለዚህ እንነጋገር።

በደጃችን የቆመው ነገር

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ወላይታ በእጇ የያዘችውን እንይ።

በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ የተገተረው ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ቁመት አለው። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች ስላሉት በጠቅላላው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ይህ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያን ከኬንያ ጋር የሚያገናኘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር የሚነሳው ከየት ይመስላችኋል? ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ ነው! ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይገባል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል። ሶዶ ያለው ጣቢያ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጣል፤ ሱስዋ ያለው መልሶ ወደ ኤሲ ያመጣዋል። በዲሲ መላኩ በረዥም መንገድ ላይ የሚባክነውን ኃይል ይቀንሳል፤ የሁለቱን አገሮች መረብም እኩል ማስመታት ሳያስፈልግ ያገናኛል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኃይል መሸጥ የተጀመረው በዚሁ መስመር ነው።

በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ተማሪ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። እናንተ ጎረቤታችሁ ነው። ለመሆኑ እዚህ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከምትማሩት መካከል ያንን ግቢ ከአጥሩ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ያየ ስንት ነው? ቁጥሩን እኔ አልናገርም። እናንተው እጃችሁን አውጡ።

ቁጥሩ ሮጠ፣ ወርክሾፑ ቀረ

እንዴት እዚህ ደረስን? የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በሩን ከከፈቱት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2001 ዓ.ም. ሰባ ሠላሳ የተባለው መመሪያ መጣ። ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። ከሰባው ውስጥ ደግሞ ትልቁ ድርሻ ለኢንጂነሪንግ ሆነ።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የከፈተች አገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በመሐንዲስ ድርቅ የምትመታ ከሆነ ብዙ ማስተማር ግድ ነው። ክፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተማሪ በአንድ ደብዳቤ በእጥፍ ይጨመራል። ቶርኖ ማሽን ግን በደብዳቤ አይመጣም፤ ዶላር ይጠይቃል። ቶርኖውን የሚያሠራ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያም በአንድ ክረምት አይፈለፈልም።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሠላሳ ተማሪ ይቆማል። አንዱ ይነካል፣ አምስቱ ያያሉ፣ የቀሩት የጓደኛቸውን ማጅራት ያጠናሉ! የላቦራቶሪ ሪፖርቱ ግን ሠላሳ ነው። ከየት መጣ? ካለፈው ዓመት ባች ተገለበጠ። ማጋነን ነው የሚለኝ ካለ ተነስቶ ይናገር።

ይባስ ብሎ በመላ አገሪቱ በውድ ገንዘብ ተገዝቶ በሣጥኑ ውስጥ የተኛ መሣሪያ ሞልቷል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች ገዝተው ያልተጠቀሙበትን ንብረት ጉዳይ ደጋግሞ አንስቷል። አንዱ የሚገጥመው ሰው ያጣ ነው፤ ሌላው አንድ መለዋወጫ የጎደለው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ የተቆለፈበት ነው። ያልተሰበረ መሣሪያ ብቻ ያለው ላቦራቶሪ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሙዚየም ነው።

ፕላዝማው ምን አስተማረን?

አሁን ደግሞ «ቴክኖሎጂ ያድነናል» የሚል ወሬ በርክቷል። ቨርቹዋል ላብ፣ ሲሙሌሽን፣ ኢ-ለርኒንግ... ቴክኖሎጂን አልጠላም። ግን እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ ጊዜ ተምረናል።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ መጣ። በሳተላይት ከሩቅ የሚለቀቅ፣ በእንግሊዝኛ የሚፈስ ትምህርት! ተማሪው «አልገባኝም» ቢል የማይቆም፣ እጅ ቢያወጣ የማያይ አስተማሪ ነበር። እውነተኛው መምህር ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ማሽኑን አብሪና አጥፊ ሆነ። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ጠፋ። በብዙ ትምህርት ቤት እነዚያ ስክሪኖች በኋላ ምን እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ቴክኖሎጂ መምህሩን ተክቶ ሲመጣ ይወድቃል፤ መምህሩን አግዞ ሲመጣ ይሠራል። ሲሙሌሽንም እንዲሁ ነው። ተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ትራንስፎርመር መቶ ጊዜ ቢያቃጥል ለዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም ኪሳራ የለም። ስሌቱን ይፈትሽበት፣ ይሳሳትበት፣ ይድፈርበት። ከዚያ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ሃያ ደቂቃ የሚበቃው፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይመጣል። ኮምፒዩተር የጠረጴዛው ወረፋ ማሳጠሪያ ይሁን፤ የጠረጴዛው ምትክ ግን አይሁን። የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ሽታ በስክሪን አይተላለፍም።

ኔትወርክ የለም የሚለውም ሰበብ መፍትሔ አለው። ትምህርቱን በግቢው ሰርቨር ላይ መጫን፣ በፍላሽ ማደል ይቻላል። ተማሪው የያዘው ስልክም ለዘፈን ብቻ አይደለም። የሠራውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቅረጽበትና ለመምህሩ ያስረክብ። ያንን ካለፈው ባች መገልበጥ አይቻልም!

ፈተናው ምን ይለካል?

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። ፈተናውን ሳትለውጡ ካሪኩለሙን ብትለውጡ ድካም ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ተሰጠ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመቶ 40.65 ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 ከመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 ከመቶ አለፉ። ይህ ፈተና ጥቅም የለውም አልልም። ገንዘብ ተቀብሎ ወረቀት ሲያድል የኖረውን ሁሉ አደባባይ አውጥቶታል። በዚህ እሰየው።

ግን ምርጫ ጥያቄ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ለመሆኑ አርማታ ሲፈስስ ሀ፣ ለ፣ ሐ አለው እንዴ?

የሲቪል ተማሪን ውሰዱ። የስላምፕ መለኪያው ሾጣጣ ቁመት ስንት ነው ብትሉት 30 ሳንቲ ሜትር ብሎ ይመልሳል። በሦስት ደርብ ይሞላል፣ እያንዳንዱ ደርብ 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ይወጋል ይላችኋል። አበጀህ! አሁን ሾጣጣውን ስጡትና ከሳይቱ ከመጣው አርማታ ይለካ። ውኃ የበዛበትን ለይቶ ለፎርማኑ «ይህን አልቀበልም፣ መልሰው» ለማለት ድፍረት አለው? ያ ድፍረት ከእጅ ነው የሚመጣው። ደጋግሞ ያልሠራ መሐንዲስ ፎርማኑ ዐይኑን ሲያፈጥበት ይፈርማል። የተፈረመበት አርማታ ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ናሙናው ማሽን ላይ ሲፈጭ እውነቱን ያወጣል። ናሙናውም በውሸት ከተሞላ... እውነቱን የሚያወጣው ሕንፃው ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ ልጅ ሲኦሲ ሲፈተን ከጽሑፉ ሌላ በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ይዘረጋል፣ በያጁ ይበይዳል። የእነሱ አለቃ የሚሆነው ባለ ዲግሪ ግን የመውጫ ፈተናውን የሚያልፈው ማውዝ በመጫን ነው። የታችኛው በእጁ፣ የላይኛው በጣቱ! ይህ ፍርደ ገምድል አይደለም?

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። የመውጫ ፈተናው ይቀጥል፤ ከጎኑ ግን የእጅ ፈተና ይቁም። የኤሌክትሪካል ተማሪው የማይነሳ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርና ቴስተር ይሰጠው፤ ፊውዙ ይሁን ኮንታክተሩ ወይም ጥቅሉ በሃያ ደቂቃ ለይቶ በጽሑፍ ምክንያቱን ያስረዳ። የሜካኒካሉ ተማሪ ኩሽኔታው ያለቀበትን ማሽን ይፍታ፤ ዘንጉን ለክቶ በቶርኖ የሚወጣውን ሥራ በሥዕል ያውጣ። የሲቪሉ አርማታውን ይለካ፤ ፌሮው እንደ ፕላኑ መታሰሩን ሳይት ላይ ይፈትሽ። ፈታኞቹ ሁለት ይሁኑ። አንዱ መምህር፣ ሌላው ተማሪውን የማያውቅ፣ ከሥራው ዓለም የመጣ ባለሙያ። ነጥቡ የሚሰጥበት ዝርዝርም አስቀድሞ ይለጠፍ። ተማሪ በምን እንደሚመዘን ካወቀ ሰኔን አይጠብቅም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ወርክሾፑን ያጨናንቃል።

«ኢንተርንሺፕ» የሚሉት ነገር

ኢንተርንሺፕማ አለ ትላላችሁ። አለ። ተማሪው ለወራት ወደ ድርጅት ይላካል። ብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ይታወቃል። ድርጅቱ እንደ ሸክም ያየዋል፤ ልጁ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፤ በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። ያየው እንጂ የሠራው የለም።

ዴንማርክ ውስጥ አልቦርግ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቋቋም ትምህርቱን በችግር ፈቺ ፕሮጀክት ላይ ነው የመሠረተው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከእውነተኛ ችግር ይነሳሉ፤ ቲዎሪውን ችግሩ እየጠየቃቸው ይማሩታል። «እነሱ ሀብታም ናቸው» አትበሉኝ። ችግር በመሆን በኩል እኛ ከዴንማርክ እንበልጣለን!

ሶዶ ውስጥ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ብየዳ ቤት፣ ስንት ወፍጮ ቤት አለ? በቆላው ወረዳ ፓምፑ ቆሞ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው የሚኳትኑበት ቀበሌ የለም? እንሰት ፍቀው፣ ቆጮ አውጥተው ወገባቸው የሚጎብጥ እናቶች ቤታችሁ የሉም? አንድ ቡድን አንድ ፓምፕ ይውሰድ። ይመርምር፣ ይጠግን፣ ዓመቱን ሙሉ ይከታተል። ግሬዱ ፓምፑ መሥራቱ ይሁን። ይህች አገር እኮ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ዋዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ለወላይታ ገበሬ ሲያስተዋውቅ ሠርቶ በማሳየት ነበር።

የሚያሳፍረው እጅ አይደለም

አንድ ሥር የሰደደ በሽታም አለብን። የእጅ ሥራን እንንቃለን። ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብለን ሰድበናል። ወላይታም ሸክላ ሠሪውን ጭናሻን አግልላ ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ወደው አልነበረም። ዛሬ ያ ንቀት ሱፍ ለብሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። «ቱታ ለብሼ ከማሽን ሥር ልተኛ? እኔ ኢንጂነር ነኝ!» የሚል ተማሪ የዚያ በሽታ ወራሽ ነው። በየጋራዡ ዘይት የተለወሰው ልጅ ሞተሩን በድምፁ ያውቀዋል። ለምን እንደዚያ እንደሚጮህ ግን ስሌቱ የለውም። ስሌቱ እናንተ ጋ ነው። ሁለታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብትገናኙ አገር ትጠቀማለች።

የመምህሩንም ነገር ሳልነካ አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ በወላይታ ዞን የትምህርት ቤት መምህራን ደመወዛቸው በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቶ ትምህርት ተስተጓጉሏል። ሆዱ የባሰው መምህር ማታ ቆይቶ ወርክሾፕ ያሠራል ብሎ መጠበቅ ቧልት ነው። የተግባር ትምህርት ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ ደመወዝ ነው። ይህን የማይከፍል መንግሥት ስለ ጥራት ባይሰብክ ይሻለዋል።

እንግዲህ ልጠቅልል። ትምህርት ሚኒስቴር ሆይ፣ ከመውጫ ፈተናው ጎን የእጅ ፈተና አቁም። የኤሌክትሪክ ኃይል ኃላፊዎች ሆይ፣ የሶዶን ጣቢያና የጊቤ ሦስትን በር በፕሮግራም፣ በጥበቃም ቢሆን፣ ለተማሪ ክፈቱ። ዩኒቨርሲቲው ሣጥኖቹን ይፍታ፤ የተሰበረ ይሰበር። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ምን ሠራህ?» በሉት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ማንንም አትጠብቁ። ነገ ቅዳሜ ከሆነ ጋራዥ ሂዱ። ካቻቢቴ መጨበጥ ፈቃድ አይጠይቅም።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የሚቃወመኝም ካለ መድረኩ ይኸው!