ሰብል ጥበቃና የትንሿ ጠመንጃ መነጽር



ጃርትና ጦጣ ሰብል ሲያጠፉባችሁ ጠመንጃ ላይ መነጽር ስለማስገጠም የምትጠይቁ አላችሁ። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዱር እንስሳ ማደንም እንዲሁ። ይህ መቅደም አለበት።

ለሁለት በሚፈታ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ላይ ዋናው ነገር መነጽሩ የሚታሰርበት ቦታ ነው። አፈሙዙ ላይ ከታሰረ ሲፈታም ሲገጠምም አብረው ይሄዳሉ። በሰደፉ በኩል ባለው ክፍል ላይ ከታሰረ ግን መጋጠሚያው ትንሽ ከላላ መነጽሩ ወዲያ፣ ጥይቱ ወዲህ ይሆናል። ስለዚህ በተገጠመ ቁጥር ኢላማ ላይ መሞከር ግድ ነው። 4 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራው በአብዛኛው ለሩቅ የተስተካከለ ስለሆነ በቅርብ ያሳስታል፤ 45 ሜትር ገደማ ላይ የተስተካከለው ይሻላል።

በእኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን ማሳው ከሰው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ያቺ ትንሽ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ እዚህ አይተኮስም። በጠመንጃ መነጽር ጦጣ የሚፈልግ ሰውም አፈሙዙን ጎረቤቱ ላይ እያዞረ ነው። ለመፈለግ ባይኖኩላር፣ ለማታ ባትሪ ያዙ። ለጃርት ደግሞ የሽቦ አጥራችሁን ግርጌ መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ በሥሩ ቆፍሮ ነው የሚገባው።