ነጎድጓድን ቀድሞ ማወቅ፣ ያወቁትንም መናገር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የአንዲት ቃል ታሪክ ልንነግራችሁ ነው። ቃሏም «ቶርኔዶ» የምትባለው ናት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 8 ቀን 1953 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ አጠገብ የወረደ ቶርኔዶ 116 ሰዎች ገደለ። ያንኑ አደጋ ያመጣው የአየር ጠባይ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ። በማግሥቱ በቦስተን የነበሩት የአየር ጠባይ ተመልካቾች ካርታቸውን ሲመረምሩ አደጋው አልጠፋቸውም፤ ብርቱ ነጎድጓድ እንደሚኖርም ለሕዝብ አስታወቁ። ነገር ግን ሕዝቡ ይሸበራል ብለው ሠጉና «ቶርኔዶ» የምትለዋን ቃል ተዉአት። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቶርኔዶው የዉስተርን ከተማ መታ፤ 94 ሰዎች ሞቱ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ ይታወቃልን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ግን ቀላል ነው። ከባዱ ሲመጣ እንደ ሽብልቅ ከቀላሉ ሥር እየገባ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ የሚጋጠሙበት መሥመር የቀዝቃዛ አየር ግንባር ይባላል። ወደ ላይ የወጣው እርጥበት ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያም ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያስነሣዋል። ብዙ ጊዜ ማዕበሉ ግንባሩ ራሱ ሳይደርስ ከፊቱ ተሰልፎ ይመጣል። የእኛ አገር የክረምት ነጎድጓድ ግን በአብዛኛው የሚነሣው እንዲህ ካለው ግንባር ሳይሆን ከቀኑ ሙቀትና ከተራራው ነው።

ተመልካቹ አራት ነገር ይጠይቃል። በምድር አጠገብ በቂ እርጥበት አለን? የላይኛው አየር ቀዝቃዛ ነውን? አየሩን የሚያነሣ ኃይል አለን? ነፋሱስ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ይለውጣልን? ይህ አራተኛው ሲጨመር ነጎድጓዱ ዕድሜው ይረዝማል፤ መሽከርከርም ይጀምራል። መልሱን የሚያመጣለት መሣሪያ ተሸክሞ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ፊኛ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሞቃት አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥማል። ክዳኑ ከሰዓት በኋላ ሲከፈት ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል፤ ስለዚህ የጧት ብሩህ ሰማይ ያታልላል።

በማርች 1948 በኦክላሆማ፣ በቲንከር የአየር ኃይል ሰፈር፣ ፎቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች በዚህ መንገድ መርምረው ቶርኔዶ ይመጣል ብለው ተናገሩ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ ሰዎችም ተጠነቀቁ። ማታ ቶርኔዶው ደረሰ፤ በሰፈሩ የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

«ትንበያው ቢሳሳትስ?» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ከብዙ ሰዓት በፊት አውራጃውን እንጂ መንደሩን ለይቶ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ በኖርማን፣ ኦክላሆማ፣ ያለው የማዕበል ትንበያ ማእከል ጥርጣሬውን ሳይደብቅ ከመቶ ይህን ያህል ዕድል አለ ብሎ ያስታውቃል። ጥርጣሬን በልኩ መናገር ውሸት አይደለም፤ ዝም ማለት ግን ሕዝቡን መናቅ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነን ስንወጣ እኛም እንደ ቦስተኖቹ ከባድ ቃል በእጃችን ይገባል። ሕዝቡ ይደነግጣል ብለን አንዋጠው። የደነገጠ ሰው ይጠለላል፤ ያልሰማ ሰው ግን በምን ይድናል?